አንድ መያዣ፣ በግራ በኩል

ፒያሳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለናዝራዊት፤ ስዊድን፣ ጎተንበርግ።

ፖስታው ላይ ያለውን ጽሑፍ አይተሽ «ይኼን ደግሞ የማን ዶሮ ጫረችው?» እንዳትዪ። የእኔ ነው። የአጎትሽ የገዛኸኝ የገዛ እጅ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በአውራ ጣቱ ሲፈርም የኖረው ሰውዬ ባለፈው ሰኔ ከማታ ትምህርት ምስክር ወረቀት ተቀብሏል። ከሃያ ሦስት ተማሪ ስንተኛ ወጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ግን አንደኛ ነኝ። ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በረዶውን ረግጦ፣ ደጃፍሽ ላይ ጫማውን አራግፎ ይግባ። ሥላሴ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደሙሽ። እኛ እጅግ በጣም ደኅና ነን። እናትሽም እጅግ በጣም ደኅና ናት።

ይኼ ፊደል የሚሉት ነገር ጉድ ነው እኮ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስቱ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ድምፃቸው አንድ ነው። «ለሦስቱም ደመወዝ የሚከፍለው ማነው?» ብዬ መምህርታችንን ክብረትን ጠየቅኋት። አራተኛዋ ኸ ደግሞ ስሜ መሀል ገብታ ስልሳ ሁለት ዓመት ኪራይ ሳትከፍል ኖራለች፤ አላውቃትም ነበር። መምህርት ክብረት እንደምትለው አንድ ጉድለት ብቻ ነው ያለብኝ። «ጋሽ ገዛኸኝ፣ ዥ ላይ ባርኔጣዋን ይረሳሉ» ትለኛለች። ዝ ላይ አንዲት ሰረዝ ስትደፊባት ዥ ትሆናለች። እኔ ባርኔጣ ሳላደርግ ስላደግሁ አይታየኝም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እናትሽ እትዬ አልጋነሽ ጓዳውን ባኞ ቤት ልታደርገው ነው። ምንም የተለየ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ዘመኑ ነው። ፒያሳ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ ተንቆጥቁጦ፣ እኛ ብቻ ዣንጥላ ይዘን ግቢ አቋርጠን ሽንት ቤት የምንሄድ ፋራዎች ሆነን ቀረን። አብዱልሙሀይሚን የሚባል ባለሙያ አመጣሁ። ግድግዳውን ባየ ቁጥር ከንፈሩን ይመጣል፤ በመጠጠ ቁጥር ዐሥር ሺህ ብር ይጨምራል። ከንፈሩ እስኪደርቅ ጠብቄ የነገረኝን ጻፍኩ።

ፍሳሹን ቆፍሮ ከመንገዱ መስመር ለማገናኘት ብቻ አርባ ሺህ አለ። ሴራሚኩ ለወለልና ለግድግዳ ከነማጣበቂያው ሠላሳ አንድ ሺህ። መቀመጫው፣ ከፍ የሚለው ዓይነት፣ ሃያ ሺህ። ቦይለር ዐሥራ ስምንት ሺህ። ቧንቧው፣ ሲንኩና ሻወሩ ሃያ ሁለት ሺህ። በሩን ወደ ዘጠና ሳንቲሜትር ለማስፋት ዐሥራ አራት፣ ለሲሚንቶና ለአሸዋ ዐሥራ ሁለት፣ የእጁ ዋጋ ሃያ ስድስት። ለመያዣ ሰባት ሺህ። ድምሩ መቶ ዘጠና ሺህ ብር ነው። ሦስት ጊዜ ደምሬው ሁለቱን ጊዜ ተመሳሳይ መጥቶልኛል። ሌላው ሁሉ ቢቀር መያዣው አይቀርም፤ እሱ ግድ ነው።

ስልክ ለመደወል አትድከሚ። የእናትሽ ስልክ ባልዲ ውስጥ ገብቶ አርፏል። ደግሞስ የሚጽፍ አጎት እያለሽ ስልክ ምን ያደርግልሻል?

አጎትሽ ገዛኸኝ፣ በገዛ እጁ።


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ ለአጎቴ ለጋሽ ገዛኸኝ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እግዚአብሔር ጤናዎን ከነጨዋታዎ ይጠብቅልን። እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ደብዳቤዎን ባቡር ላይ ከፍቼ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እዚህ አገር በባቡር ላይ አይሳቅም። ቤት ገብቼ ደግሜ ሳነበው ግን አለቀስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ትኬት ሲቀዱ የፊልሙን ስም ማንበብ ሳይችሉ፣ ማታ መጥተው ታሪኩን ከነዘፈኑ ይነግሩኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ግማሹን ፈጥረው እንደሚጨምሩበት ያወቅሁት አድጌ ፊልሞቹን ራሴ ሳያቸው ነው። የእርስዎ ይሻል ነበር።

መቶ ዘጠና ሺህ ብር እዚህ ባለሙያ መጥቶ አሮጌውን ሴራሚክ ነቅሎ የሚሄድበት ዋጋ ነው፤ አዲሱን አይለጥፍም። ስለዚህ ተወደደ አልልም። ግን እንዲገባኝ እፈልጋለሁ። ቦይለሩ ይሁን፤ እማ ቀዝቃዛ ውሃ አትወድም። በር ማስፋት ለምን አስፈለገ? ጓዳውማ እኔና ጤፍ ማዳበሪያው ጎን ለጎን እንገባበት ነበር።

አንዱ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። «ለመያዣ ሰባት ሺህ፤ ሌላው ቢቀር እሱ አይቀርም» ብለዋል። ጋሼ፣ መያዣ የጠየቃችሁ ማነው? የቤቱን ካርታ ለሰው አስይዛችኋል? አባዬ ሊሞት ሲል «ካርታው ከሳጥኑ እንዳይወጣ» ብሎ እኛን ሁሉ ማስማሉን አይረሱትም። ብድር ካለ ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።

በእርስዎ ስልክ ደግሞ አራት ጊዜ ደውዬ አራቱንም ጊዜ «እናትሽ ሥላሴ ሄዳለች» አሉኝ። አንዱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። እማ ቅስና ተቀበለች እንዴ? ከነሐሴ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም። አምስት ደቂቃ ብቻ፣ በጎረቤት ስልክም ቢሆን።

ወረቀቴ ገና ነው። አሁን ከአገር ብወጣ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ፋይል ይዘጋል። «መኖሪያ ፈቃድሽን ሳትይዢ እንዳትመጪ፣ ብትመጪም በሬን አልከፍትልሽም» ያለችኝ እማ ራሷ ናት። እንደሚያውቁት የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሰው እናቶችን አጥባለሁ። ለእኔ እናት ሙቅ ውሃ የምትታጠብበት ቤት መሥራት ደስታዬ ነው።

መቶ ስልሳ ሺህውን በባንክ ልኬያለሁ፤ ሠላሳው ከገና በፊት ይደርሳል። እማን ጉንጯን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ናዝራዊት።


ፒያሳ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናዝራዊት፣ ለብርቄ።

እግሬ ቸርችል ጎዳናን ወርዶ ፖስታ ቤት ሲደርስ ደብዳቤሽ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ የእኔም እጥፍ ሆኖ ይድረስሽ። ደኅና ነን። እናትሽም ደኅና ናት።

የሳቅሁትን ሳቅ አምስት ኪሎ ሳይሰሙት አልቀሩም። ካርታው? ካርታው ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ አልጋው ሥር ነው፤ አልጋው ላይ እናትሽ አለች፤ ማን ደፍሮ ይወስደዋል? አንቺ የስንት አገር ቋንቋ አዋቂ፣ የማታ ተማሪ አማርኛ ያስተምርሽ። መያዣ ሁለት ነው። አንዱ ባለ ብድሩ የሚወስድብሽ ነው። ሁለተኛው ግድግዳ ተበስቶ የሚገባ ብረት ነው፤ ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ የሚይዘው። አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ቦታ ይቀጠራል፤ ልክ እንደ እኔ፣ ትኬቱንም ቀዳጅ ፊልሙንም ተራኪ። መጀመሪያማ ባርኔጣዋን ረስቼ «መያዛ» ብዬው ነበር፤ መምህርት ክብረት በቀይ አረመችኝ። ባታርመኝ ይኼኔ «መያዛ ምንድነው?» ብለሽ ብቻ ዝም ባልሽ።

ቁመቱን የለካሁት ደግሞ እኔ ነኝ እንጂ አብዱልሙሀይሚን እንዳይመስልሽ። እሱ ሜትሩን ሊዘረጋ ሲል «ቆይ፣ ቤቱ የማን ነው?» አልኩና እናትሽን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እጇ ያረፈበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁ። «ቀኝና ግራ ሁለት ይሁን» አለኝ። «ግራው ይበቃል፤ ቀኙን ለማን ልትሸጠው ነው?» ብዬ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብርሽን አተረፍኩልሽ። እሱም ከንፈሩን መጠጠ፤ ግን በዚህኛው ዋጋ አልጨመረም።

መቀመጫው ሃምሳ ሳንቲሜትር ነው፤ ዙፋን በይው። ሻወሩን ሰርዤዋለሁ፤ የዘንድሮ ፋሽን ቁጭ ብሎ መታጠብ ነው። ቦይለሩንም ሰርዣለሁ፤ ውሃ በጀበናም በድስትም ይሞቃል። በሩ የሰፋው ለተ̶ሽ̶ከ̶ር̶ካ̶ሪ̶ ለአየር ነው። (እዚህ ላይ የሰረዝኩት ቃል ተበላሽቶብኝ ነው።)

ስለዚህ ሠላሳ ሺህውን አትላኪ። ያለው ይበቃል።

እናትሽ ልታናግርሽ ፈልጋ ነበር፤ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ዘጋ። የታኅሣሥ ብርድ እኮ ነው።

አጎትሽ ገዛኸኝ፣ በገዛ እጁ።


ጎተንበርግ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬ እንዳለ ነው፤ ዛሬ ግን አላስረዝመውም።

እኔ በቀን ዘጠኝ ሰው አጥባለሁ። በግራ በኩል ብቻ መያዣ የሚያስፈልገው ቀኝ እጁ የማይታዘዝለት ሰው ነው። ሃምሳ ሳንቲሜትር መቀመጫ ጉልበቱ የከዳው ሰው ነው። ለአየር ተብሎ ዘጠና ሳንቲሜትር በር አይሠራም። የሰረዙትን ቃል ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ በብርሃን አነበብኩት። አንድ ፊደል አልተሳሳቱም፤ መምህርትዎ ሊኮሩብዎ ይገባል።

ከአገር ቤት «ገንዘብ ላኪ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ እናጉረመርማለን። «አትላኪ» የሚል ሲመጣ ነው የምንፈራው።

ስልኩ ባልዲ ገባ፣ ሥላሴ ሄደች፣ ጉንፋን ያዛት። አሁን ደግሞ የእርስዎም ስልክ ዝግ ነው። እማን ምን ነካት? መቼ? መናገር ትችላለች? ታውቀኛለች?

መጻፍ ችያለሁ ብለው ነበር። ይጻፉልኝ።

ናዝራዊት።


ፒያሳ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዝራዊት ልጄ፣

ይኼን ወረቀት ሰባት ጊዜ ጀምሬ ሰባት ጊዜ ቀደድኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ስቀድ ኖሬ ለምዶብኝ ነው። ዘገየህ ብትዪ እውነትሽን ነው። ስልኬንም የዘጋሁት ፈርቼ ነው።

ባለፈው ነሐሴ 18 ቀን ነው። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። እናትሽ ዣንጥላዋን ይዛ ግቢውን አቋርጣ ሽንት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ወደቀች። ያገኘቻት ጎረቤታችን ምብራት ናት፤ ዣንጥላው ብቻውን ሲንከባለል አይታ ነው የወጣችው። ሐኪሞቹ ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ፈሷል አሉ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ዝም አሉ። ንግግሯም ሄደ፤ አንድ ቃል ብቻ ቀራት። «ያዝ»። ሻይ ስትፈልግ ያዝ፣ ስትቆጣ ያዝ፣ ስታመሰግን ያዝ። ለእኔም ያዝ፣ ለምብራትም ያዝ፤ ወንድና ሴት አትለይም። ሰው ግን ታውቃለች። አንቺን ታውቃለች። ፎቶሽን በግራ እጇ ትዳብሰዋለች።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። ሐኪም ቤት በተኛች በማግስቱ ላንቺ ልደውል ስልኬን ሳወጣ፣ በግራ እጇ ስልኩን ከነእጄ አፈፍ አደረገችው። ዓይን ዓይኔን እያየች «ያዝ! ያዝ!» አለችኝ። እኔ አዋቂው ወዲያው ተረጎምኩት፤ «ምስጢሩን ያዝ፤ ልጄ ወረቀቷን ሳትይዝ አትጥራብኝ» ማለቷ ነው ብዬ። ከዚህ በፊት ያለችሽን ስለማውቅ አልተጠራጠርኩም። «እሺ እትዬ፣ ይዣለሁ» አልኳት። አለቀሰች። ደስ ብሏት መሰለኝ።

ባለፈው እሑድ የጥር ወር ደብዳቤሽን አነበብኩላት። «መናገር ትችላለች? ታውቀኛለች?» የሚለው ላይ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ስልክ በግራ እጇ ስባ ደረቴ ላይ ገፋችው። «ያዝ» አለችኝ። ደግማ በስልኩ ደረቴን መታችኝ። «ያዝ!»

ናዝዬ፣ ለካ ስልኩን ያዝና ደውልላት ኖሯል። ሰባት ወር ሊሞላው ነው። ማንበብ ቻልኩ ብዬ ሰፈሩን ሳደነቁር የከረምኩት ሰውዬ፣ እህቴ ፊቴ ላይ የያዘችውን አንዲት ቃል አጣምሜ አነበብኩ። ምናልባት የመጀመሪያው ቀን እንዳልኩት ነበር ይሆናል እላለሁ ለራሴ። ግን ያን ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ አሁን ሌላ ሆኖ ይታየኛል።

ባኞ ቤቱን ጠይቀሽኛል። ፍሳሹ ተቆፍሯል፤ በሩ ሰፍቷል፤ ወለሉ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ መቀመጫውና መያዣው በገና ማግስት ገቡ። እናትሽ ዐሥራ አንድ ቀን ተጠቀመችበት። በተሽከርካሪ ወንበሯ እስከ መቀመጫው እናደርሳታለን፤ ከዚያ በግራ እጇ እየገፋች ታስወጣናለች፤ በሩን ዘግታ፣ መያዣውን ይዛ፣ ብቻዋን። ስትጨርስ ግድግዳውን ትመታለች። ስንከፍትላት የምታየንን አስተያየት ብታዪ! ባኞ ቤቱ ሳይሆን ፒያሳ የተሠራላት ትመስላለች።

በጥምቀት ዋዜማ ለሁለተኛ ጊዜ መታት። አሁን ቁጭ ማለት አልቻለችም። ስለዚህ ሴራሚኩን ትቼዋለሁ፤ ሲንኩንም። አሁን የሚያስፈልገው አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ሁለት ፎጣ፣ ሳሙናና ስፖንጅ ነው። ተገዝቷል። የተረፈው ብርሽ ሳጥኑ ውስጥ፣ ካርታው ላይ ተቀምጧል።

የምታጥባት ምብራት ናት። እኔ ወንድሟ ነኝ፤ አልችልም፤ እሷም አትፈቅድም። ግን ምብራት በነካቻት ቁጥር እናትሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። እንዴት እንደምናደርጋት አላወቅንም።

ይኼን ፖስታ ቤት አልወስደውም። ምብራት በስልኳ ፎቶ አንስታ አሁኑኑ ትልክልሻለች። ስልኬን ከፍቼዋለሁ። ስታነቢ ደውዪ፤ ጆሮዋ ላይ አደርገዋለሁ። ስትሰድቢኝ ደግሞ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ይገባኛል።

ገዛኸኝ፣ በገዛ እጁ።


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

የዚያን ቀን ስልክ ላይ የጮህኩብዎትን አላስታውሰውም፤ እርስዎም ይርሱት። የማልረሳው የእማን ትንፋሽ ነው። «እማ፣ እኔ ነኝ» ስላት «ያዝ» አለችኝ። እኔን፣ አንድ ልጇን፣ እንደ ወንድ። ከዚያ ሁለታችንም ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻልንም። ስለዚህ ይኸው እኔም ወደ ደብዳቤ ተመለስኩ።

እመጣለሁ። ፋይሉ ይዘጋ። የሌላ ሰው እናት ጀርባ እያጠብኩ የራሴን ከወረቀት ጀርባ ማስጠበቅ አልችልም። ፓስፖርቴን ከያዘው መሥሪያ ቤት ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ ትኬቱን ሚያዝያ 6 ጠዋት እንዲያደርሰኝ ቆርጫለሁ።

እስከዚያ ይኼን ያድርጉልኝ። ምብራትን እግዚአብሔር ይስጣት፤ እጇ ደግ መሆኑን አውቃለሁ። እማ የምታለቅሰው ሰው ስለነካት አይደለም፤ ሳይነገራት ስለምትነካ ነው። እዚህ መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው፤ ከመንካት በፊት መንገር። እርስዎ ከበሩ ውጭ ቆመው ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለው ያንብቡ። ምብራት ውስጥ ሆና ያነበቡትን ብቻ ታድርግ። ቀስ ብለው ያንብቡ፤ ፊልም አይጨምሩበት።

እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ናዝራዊት። ውሃውን በክርኔ ለክቼዋለሁ፤ ለብ ያለ ነው። ነጠላሽን አልገፈውም፤ የማጥበውን ቦታ ብቻ ነው የምገልጠው። መጀመሪያ ፊትሽን ነው፤ ዓይንሽን ጨፍኚ። አሁን አንገትሽን። አሁን ግራ እጅሽን፤ ጎበዙን። አሁን ቀኝ እጅሽን አነሳለሁ፤ እሱ ደክሞታል፤ አይዞሽ፣ እኔ ይዤዋለሁ፣ አይወድቅም። አሁን በጎንሽ አዞርሻለሁ፤ ጀርባሽ ነው። ትንሽ ሆኜ ሳፋ ውስጥ አቁመሽ ስታጥቢኝ ሳሙናው ዓይኔ እንዳይገባ ግንባሬን በመዳፍሽ ታጥሪልኝ ነበር። እኔም እንደዚያው እያደረግሁ ነው። አሁን እግርሽን። ጨረስን፣ እማዬ። ፎጣው ፀሐይ ላይ የዋለ ነው።

ናዝራዊት።


ፒያሳ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ናዝራዊት፣ የእህቴ ልጅ፣

ይኼን ደብዳቤ በፖስታም በፎቶም አልልከውም። ነገ ጠዋት ከኤርፖርቱ በር ስትወጪ በእጅሽ እሰጥሻለሁ።

እትዬ አልጋነሽ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች። እንቅልፍ እንደወሰዳት ነው። ምብራት እጇን ይዛት ነበር፤ ግራውን።

የእድሩ ሽማግሌዎች «ለልጅቱ እንዳትተነፍስ፤ ቤት ገብታ፣ አረፍ ብላ፣ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ትረዳለች» አሉኝ። ወጉ እንደዚያ መሆኑን አላጣሁትም። ግን እኔ አንዴ ይዤ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አልይዝም። ዛሬ ያልደወልኩልሽ አውሮፕላን ውስጥ በማታውቂው ሰው መሀል ብቻሽን ይዘሽው እንዳትቀመጪ ብዬ ነው። ይኼን ስታነቢ ትከሻዬ ከጎንሽ ነው። ቀብሩ ነገ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሳታዪያት አፈር አይነካትም።

አሁን ቁጭ ብለሽ የቀረውን አንብቢ።

ደብዳቤሽ በምብራት ስልክ ከመጣ ጀምሮ በየሁለት ቀኑ እንዳዘዝሽን አድርገናል። አልጋዋን ከነፍራሹ ገፍተን በዚያ በሰፊው በር ባኞ ቤቱ ውስጥ እናስገባት ነበር። ለአየር ነው ብዬ የዋሸሁሽ በር ለአልጋዋ ልክ ሆኖ ተገኘ። አልጋውን ከመያዣው ጎን እናስጠጋለን፤ በግራ እጇ ብረቱን ትይዛለች። ሴራሚክ የለ፣ ሲንክ የለ፤ ሲሚንቶ ብቻ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆምና አነባለሁ። ፊልም አልጨመርኩም። በሕይወቴ አንድም ነገር ሳልጨምር የተረክሁት ይኼን ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማልቀሷን ተወች።

ባለፈው ረቡዕ ነው። «አሁን ቀኝ እጅሽን አነሳለሁ፤ አይዞሽ፣ እኔ ይዤዋለሁ» የሚለውን ሳነብ ከውስጥ ድምፅዋ መጣ። ምብራት ውሃውን መጨለፍ አቆመች።

«ጋሼ፣ ሰሙ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያለችውን።»

መስመሩን ደግሜ አነበብኩት። እናትሽም ደገመችው። ጥርት አድርጋ። «ያዥ።»

ምብራት «ለእኔ ይሆን እንዴ?» አለች፤ ከዚያ ራሷ መልሳ «ለእኔማ ስምንት ወር ሙሉ ያዝ ስትለኝ ኖራ!» ብላ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም ከበሩ ውጭ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላም ለእኔ ያዝ፣ ለምብራት ያዝ ነበር። ያቺን መስመር ሳነብ ብቻ ነው ያዥ የምትለው።

ዛሬ ጠዋት ካህናቱ ለግንዘት ሳይመጡ ምብራት ለመጨረሻ ጊዜ አጠበቻት። እኔም እንደ ልማዴ በሩ ላይ ቆሜ ደብዳቤሽን አወጣሁ። አንዱ ሽማግሌ «ገዛኸኝ፣ አበድህ? ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይነበባል?» አለኝ። «ሳይነገራት አትነካም» አልኩት። ከእማዬ እኔ ነኝ ጀምሬ ፎጣው ፀሐይ ላይ የዋለ ነው እስከሚለው ድረስ አነበብኩ። ቀኝ እጅሽን የሚለው ላይ ትንሽ ጠበቅሁ። ከዚያ ቀጠልኩ።

ባኞ ቤት ምን ያህል እንደሚፈጅ እንዲገባሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔም ሦስት ጊዜ ደምሬ ነግሬሽ ነበር። ያን ጊዜ ያልደመርኩት ሰባት ወር ነው። እሱን ከየትኛው መስመር እንደማስገባው መምህርት ክብረት አላስተማረችኝም።

ነገ ስትገቢ ግድግዳው ላይ አንድ መያዣ ታያለሽ፣ በግራ በኩል። ከሥሩ የከሰል ምልክት አለ፤ እጇ ያረፈበት ነው። አብዱልሙሀይሚን ቀለም ልቀባው ሲል አትንካ ብዬዋለሁ።

ይኼን ደብዳቤ ማንም አላረመልኝም። ስህተት ሞልቶበት ይሆናል፤ ሁሉም የእኔ ነው። አንዲት ፊደል ብቻ ስህተት አይደለችም። እናትሽ ያለችሽ «ያዥ» ነው። ባርኔጣዋን የደፋችባት ራሷ ናት።

አጎትሽ ገዛኸኝ፣ በገዛ እጁ።